ነገሩ ከአሠራሩ ነው፦ ምግብን እንደ መድኃኒት የማብሰል ዕውቀት በመካነ ሰላም ደጋ

አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ነው። ከዋና መጻሕፍቱ አንዱ ቻራካ ሳምሂታ ይባላል፤ ከተጠናቀረ ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለምግብና ለመጠጥ ብቻ የተመደበ ሰፊ ምዕራፍም አለው። በዚህ ሥርዓት ምግብ ማብሰል የሚማር ሰው ከወጡ ዓይነት ይልቅ የአሠራሩን ምክንያት ያጠናል። የትኛው እህል እንደሚዘፈዘፍ፣ የትኛው ቅመም በቅቤ እንደሚቁላላና የትኛው መጨረሻ ላይ እንደሚነሰነስ፣ ለአራስና ለበሽተኛ ምን እንደሚቀጥን፣ በክረምትና በበጋ ምን እንደሚለወጥ ይማራል።

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ አዩርቬዳ የሚለው ስም እንግዳ ነው። ትምህርቱ ግን እንግዳ አይደለም። በቦረና፣ በሳይንትና በወግዲ ወረዳ ቤቶች ባልትና የሚባለው ሙያ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። የሕንዱ በመጽሐፍ ሰፍሮ በኮሌጅ ይሰጣል፤ የወሎው ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ይተላለፋል። የሁለቱም ትልቁ ጥቅም ያለው ብዙ ሰው እንደሚገምተው በቅመሙ ውስጥ ሳይሆን በአሠራሩ ውስጥ ነው። የወሎ ደጋ ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ ይሰጣል፤ እዚያ አንድ ጥራጥሬ እንደ አበሳሰሉ ቤተሰብ ሊያከርም ወይም ወጣት ሊያሽመደምድ ይችላልና።

ደጋውና ድስቱ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ምዕራብ ደጋው ተቆርጦ ወደ አባይ ገደል ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ወደ ሰሜን፣ በቦረናና በሳይንት መካከል፣ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ይባላል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከውርጩ እስከ በረሃው ያለው ቁልቁለት በእግር የአንድ ቀን መንገድ ቢሆን ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ግን ገብስና ባቄላ፣ ዝቅ ሲል ስንዴና ጤፍ፣ ከዚያም ማሽላ ይፈራረቃሉ።

በገበያ ቀን ይህ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይገናኛል። በአንድ ወገን ገብሱ፣ አተሩና ባቄላው በጆንያ ተከፍቶ ይታያል። በሌላ ወገን ሴቶች መሬት ላይ ባነጠፉት ማዳበሪያ ላይ ቅመሙ በትንንሽ ክምር ተደርድሯል፦ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድምብላል፣ አብሽ፣ ፌጦ፣ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ኮሰረት በእስር፣ ጤና አዳም ከነፍሬው። ስፍሩ በስኒ ነው። ባልትና የምታውቅ ሸማች ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ጥቁር አዝሙዱን በመዳፏ አሽታ ታሸተዋለች፤ አሮጌ ከሆነ ሽታው አይነሳም። ኮረሪማውን ታንኳኳለች፤ ባዶ ቅርፊት ከሆነ ፍሬው አይሰማም። ሻጯም ይህችን ዓይነት ሸማች ስታይ «እታለም፣ የዘንድሮ ነው፣ አትጠራጠሪ» ማለት ታበዛለች።

ከፍታው ለምድጃ ትልቅ ጉዳይ ነው። በባሕር ዳርቻ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በመካነ ሰላም ከፍታ ግን 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያ ወዲያ የቱን ያህል እሳት ቢነድ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ሙቀቱ አይጨምርም። ሙሉ ባቄላና አተር እስኪበስሉ ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃሉ። የደጋ ባልትና ለዚህ ያገኘችው መላ ሥራውን ከድስቱ በፊት መጨረስ ነው፤ ጥራጥሬውን መዘፍዘፍ፣ ማመስ፣ መከካት፣ አስፈጭቶ ሽሮ ማድረግ። ክኩ ብዙ ሳይንተከተክ አይበስልም፤ ሽሮው ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ቦሎቄ ላይ ጉዳዩ የማገዶ ብቻ አይደለም። በቦሎቄ፣ በተለይ በቀዩ፣ ሆድ የሚያውክ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ከሰነበተ አይጠፋም። ስለዚህ በደጋ ቦሎቄ አድሮ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ከቆላው ረዘም ላለ ጊዜ መፍላት አለበት።

ጓያ

ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ውኃ የተኛበትንም መሬት የማይጠላ፣ ልፋት የማይፈልግ ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቆማል። ፕሮቲኑም ብዙ ነው። በውስጡ ግን ኦዳፕ በሚል አሕጽሮት የሚጠራ፣ የነርቭ ሕዋሳትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይዟል። አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር የሚበላው ሰው ምንም አይሆንም። ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ቀለቡ ያደረገው ሰው ግን አንድ ጠዋት እግሩ ሊከብደው ይችላል። ጉልበቱ ይገትራል፣ በጣቶቹ ጫፍ መራመድ ይጀምራል፣ ከዚያ በምርኩዝ፣ ሲብስም በዳዴ ይሄዳል። ሕመሙ ላቲሪዝም ይባላል። እጅንና አእምሮን አይነካም፤ የተጎዳው እግር ግን አይመለስም። አብዛኞቹ ተጠቂዎች ለእርሻና ለእረኝነት የደረሱ ወጣት ወንዶች መሆናቸው ጉዳቱን የቤተሰብ ሁሉ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1976–77 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በደምቢያና በፎገራ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። በወሎ የከፋው የመጣው ከ1995–96ቱ የሰብል መጥፋት በኋላ ነው። በደላንታ ዳውንት፣ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ በበሽሎ ወንዝ ማዶ ባለው አምባ፣ እስከ 1999 ድረስ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ሽባ ሆኑ። አካባቢው ያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ሥር ነበር፤ ዛሬ ደላንታ የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ1999 አሳወቁ።

ከዚያ የተከተሉት የ2002 እና የ2003 ጥናቶች ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ይጠቅማሉ፤ ሰዎቹ ጓያ መብላት አለመብላታቸውን ብቻ ሳይሆን እንዴት አብስለው እንደበሉት ጠይቀዋልና። ሁሉም ጓያ ይበላ ነበር፤ ሁሉም አልታመመም። ጓያን እሸቱን በጥሬው፣ ንፍሮ ቀቅሎ ወይም ቆሎ ቆልቶ መብላት አደጋውን ከፍ አድርጎ ተገኘ። ከሌላ እህል ጋር ተቀይጦ ሲጋገር፣ ወይም እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ባሉ ማጣፈጫዎች ወጥ ሆኖ ሲሠራ አደጋው በግልጽ ቀነሰ። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ጓያ የሚጎድሉትን ድኝ አዘል አሚኖ አሲዶች ይጨምሩለታል፤ ማጣፈጫዎቹ ደግሞ ሕዋሳትን ከመርዛማ ቃጠሎ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ መልሶም መዘፍዘፍ፣ መርዙን በብዙ ይቀንሰዋል።

በዚያው አካባቢ ሕመሙ የሚመጣው ከጓያ ድስት በሚወጣው እንፋሎት ወይም የጓያ ገለባ ላይ በመተኛት ነው የሚል እምነትም ነበር። ሰዎች ከእንፋሎቱ እየሸሹ ንፍሮውን ይበሉ ነበር ማለት ነው። ባልትና የምትባለው ዕውቀት ሁልጊዜ ትክክል አይደለችም፤ መማር ያስፈለገውም ለዚህ ጭምር ነው። ከዚህ ጋር አንድ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በረሃብ ዘመን ሰው ንፍሮና ቆሎ የሚበላው ሽሮ መሥራት ስለማያውቅ አይደለም። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ የሚቀየጠው ገብስ ስለሌለው ነው። የ2003ቱ ጥናትም የዕርዳታ እህል ጥራጥሬ ሳይሆን ስንዴና ገብስ የመሰለ እህል ቢሆን ሽባነትን እንደሚቀንስ ያመለከተው ከዚህ ተነስቶ ነው። የማብሰል ዕውቀት የሚቀየጥ ነገር በሌለበት ጎተራ አጠገብ ብዙ አይሠራም።

ሕንድም ይህን ጥራጥሬ ታውቀዋለች፤ እዚያ ኬሳሪ ይሉታል። በ16ኛው መቶ ዘመን በባቫሚሽራ የተጻፈው ባቫፕራካሻ የተባለ የአዩርቬዳ መጽሐፍ ጓያ ሰውን እንደሚያነክስና ነርቭን እንደሚያውክ ይናገራል። የሕንድ መንግሥት ሽያጩን በ1961 ከልክሏል፤ ክልከላው በብዙ ክፍላተ ሀገር ለአሥርት ዓመታት ጸንቷል። የሕንዱ ሐኪም ያስጠነቀቀው፣ የደላንታ ገበሬ ደግሞ በእግሩ የከፈለበት ጉዳይ አንድ ነው።

ስድስቱ ጣዕሞች

አዩርቬዳ ሰውነትን በሦስት ኃይሎች ሚዛን ያስረዳል፦ ቫታ፣ ፒታና ካፋ። ምግብን የሚያፈጨውን ኃይል አግኒ፣ እሳት ይለዋል፤ ጥሩ ምግብ ይህን እሳት ሳያጠፋና ሳያንቦገቡግ የሚያቆይ ነው ይላል። ጣዕሙ ስድስት ነው፦ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ የሚያቃጥል፣ መራራና አፍ የሚያኮማትር። አንድ ማዕድ ስድስቱንም እንዲይዝ ይመከራል። በሕንድ ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ በመንግሥት ዕውቅና ይሰጣል፤ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ በ2014ም ለዚሁና ለሌሎች ባህላዊ ሕክምናዎች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቁሟል።

ቫታ፣ ፒታና ካፋ በዘመናዊ ሕክምና ቦታ የላቸውም። በእነሱ ላይ ተመሥርቶ የበሽታን መንስኤ መናገር አይቻልም። የስድስቱ ጣዕም ምክር ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ማዕዱ ከአንድ እህል እንዲወጣ ያስገድዳል። የወሎ የጾም በየዓይነቱ ሳይታሰብበት ይህን ያሟላል። እንጀራው በእርሾው ይጎመዝዛል፣ ክኩ ይጣፍጣል፣ ጨው በሁሉም ውስጥ አለ፣ በርበሬውና ሰናፍጩ ያቃጥላሉ፣ የአብሹ ምሬት ከሥር አለ፣ ምስሩና ባቄላው አፍ ያኮማትራሉ። ሥልጆም አለ፤ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት የሚቦካው። በጾም ሰሞን ቅቤና ወተት የቀረበትን ገበታ ቅባትና ፕሮቲን የሚሞሉት ሱፍ፣ ኑግና ተልባ ናቸው።

የሁለቱ አገር ቅመሞች መመሳሰል በአጋጣሚ አይደለም። ከአዱሊስ ወደብ ዘመን ጀምሮ ቀይ ባሕር ኢትዮጵያንና ሕንድን ሲያገናኝ ኖሯል። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ሄል ከዚያ ወገን የመጡ ናቸው። ኮረሪማ ግን የዚህ አገር ነው። በርበሬ የሁለቱም አይደለም፤ ከአሜሪካ ምድር ተነስቶ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የገባ ነው፤ ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ ማሰብ ቢያስቸግርም።

የአሠራሩ መቀራረብ የባሰ ያስገርማል። የሕንድ ቤት ቅመሙን በንጥር ቅቤ አቁላልቶ በበሰለው ክክ ላይ ያፈሳል። የወሎ ቤት ቅቤውን ራሱን በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በኮረሪማ፣ በአዝሙድና በእርድ አንጥሮ ያስቀምጣል፤ ወጡ ሲወርድ መከለሻ ይጨምራል። ቅቤን ማንጠር ውኃውንና የወተቱን ዝቃጭ ያስወጣል፤ ስለዚህ ቅቤው ሳይበላሽ ይቆያል፣ ሲሞቅም ቶሎ አያርርም። እርድና ጎመን ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ቀለሞች በቅባት የሚሟሙ በመሆናቸው ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይወስዳቸውም። በ1998 በባንጋሎር የተሠራ ጥናት ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን የእርዱን ኩርኩሚን ወደ ደም መግባት በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጥናቱ የተጠቀመው 2 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ነበር፤ አንድ ድስት አልጫ ውስጥ ያለው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በወጥ ውስጥ ያለ እርድ ይጠቅማል ቢባል ያስኬዳል፤ ያድናል ቢባል ግን አያስኬድም።

አብሽ፣ ተልባ፣ ገብስ

አብሽ ሲዘጋጅ ማየት ስለ ጠቅላላው ዕውቀት ብዙ ያስተምራል። ዱቄቱ በብዙ ውኃ ተበጥብጦ ያድራል፤ ጠዋት ከላይ የጠለለው መራራ ውኃ ይደፋል፤ አዲስ ውኃ ይጨመራል፤ እንደገና ይደፋል። ከዚያ በእጅ ወይም በመቀላቀያ ሲመታ ነጥቶ እንደ አረፋ ይኮፈሳል። ማር ወይም ሎሚ ይጨመርበትና ይጠጣል። የሚያኮፍሰው ነገር ጋላክቶማናን የሚባል የሚሟሟ አሰር ነው። ይህ አሰር በአንጀት ውስጥ ሲወፍር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። በሕንድ ሃይደራባድ የሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም ተመራማሪዎች በ1980ዎቹና በ1990 በስኳር ሕመምተኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ አብሽ ከምግብ ጋር ሲወሰድ የደም ስኳር ቀንሶ አግኝተዋል። በሙከራው የተሰጠው መጠን ግን ብዙ ነበር። የአራስ ጡት ወተት ይጨምራል የሚለው እምነት በሁለቱም አገር አለ፤ ማስረጃው እስካሁን ጠንካራ አይደለም።

ተልባ የሚያስፈልገው ነገር ሦስት ነው፤ መታመስ፣ መፈጨት፣ ቶሎ መበላት። ጥሬው ሳያናይድ ሊያመነጭ የሚችል ንጥረ ነገር በትንሹ አለበት፤ ማመስ ይህን ይቀንሰዋል፣ ሽታውንም ያወጣዋል። ሙሉ ፍሬው ሳይታኘክ ቢዋጥ እንደገባ ይወጣል፤ ስለዚህ ይፈጫል። ከተፈጨ በኋላ ኦሜጋ ሦስት የተባለው ቅባቱ በአየር ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሚፈጨው ለሰሞኑ የሚበቃ ብቻ ነው። ጨጓራ የሚያመው ሰው ተልባ የሚጠጣው ልፋጩ የሚያለሰልስ ስለሚመስለው ነው፤ ሆድ ድርቀትን እንደሚያቀል ግን የተረጋገጠ ነው፣ ውኃ አብሮ እስከተጠጣ ድረስ።

ገብስ የዚህ ደጋ ባለቤት ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ያየው የገብስ ዓይነት ብዛት ስላስደነቀው አገሪቱን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጓታል። ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ቆሎ ነው፤ ገለባው ያለ ብዙ መውቀጥ ይለቃል። ለጠላ ሌላ አለ፤ ለእንጀራ ሌላ። ገብስ ታምሶ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ መንገደኛ በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ይለውሰዋል፤ ቅቤ ካገኘ ጭኮ ያደርገዋል። ለአራስ ገንፎው ይገነፋል፤ ለበሽተኛ አጥሚቱ ይቀጥናል። በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር የደም ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ ብዙ ጥናት ተስማምቶበታል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2006 የገብስ ምግቦች የልብ ሕመም አደጋን ሊቀንሱ እንደሚችሉ በማሸጊያቸው ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። በመካነ ሰላም ከተማ የስንዴ ዱቄትና የፓስታ ዋጋ ሲቀንስ በሶው ከገበታ የሚሸሸው የድሃ ምግብ ተደርጎ ስለሚታይ ነው፤ በሌላው ዓለም ግን ሀብታም ፈልጎ የሚገዛው እሱን ነው።

እንጀራው፣ ቡናውና የሕፃኑ ገንፎ

ጤፍ ብረት አለው። ፋይቴት የሚባል ነገርም አለው፤ እሱ ብረቱን ይዞ አይለቅም። ሊጡ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ በከፊል ይፈርሳል፣ ብረቱም ይለቀቃል። ቸኩላ በአንድ ቀን የምትጋግር ሴት እንጀራው ዓይን ሊያወጣላት ይችል ይሆናል፤ ያ ጥቅም ግን አብዛኛው ይቀርባታል። ከምግቡ በኋላ የሚጠጣው ቡና ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። በ1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን ወደ ደም መግባት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት የተጠጣ ቡናም ያንኑ ያህል ጎዳ፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን ምንም አልነካም። በወሎ አቦል፣ ቶናና በረካ ሳይጠጣ፣ ምርቃትና ዱዓ ሳይደረስ ከቤት አይወጣም። ማንም ቡና ይቅር አይልም። ደም ላነሳት ነፍሰ ጡር ግን ቡናው ከምሳው ቀድሞ ቢፈላ ይበጃታል።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም በጉልህ የሚለካው በሕፃናት ላይ ነው። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው እንደቀነጨረ መዘገቡ ይታወሳል፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። በ2019 ክልሉ ወደ 41 በመቶ ወርዷል። ደጋው የሚያመርተው እህል ብዙ ሆኖ ልጁ ሲቀነጭር ከምክንያቶቹ አንዱ ገንፎው ነው፤ ወይ እህል ብቻ ይሆናል፣ ወይ ለመዋጥ እንዲቀጥን ውኃው ይበዛና ጉልበቱ ይጠፋል።

መፍትሔው በቤት ያለ ነው። በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ዱቄት ሲያበጅ የተከተለው መርህ እህልን ከጥራጥሬ ጋር መቀየጥ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቀበሌ ሠርተው ሲያሳዩ የሚነግሩትም ይኸው ነው፤ ሦስት እጅ ያህል ገብስ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ ያህል ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ፤ ታምሶና ተፈጭቶ፤ ላዩ ላይ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ዕንቁላል፣ የተፈጨ ጎመን ወይም ካሮት። ሌላው ዘዴ ከጠላ ጠማቂዋ ጎተራ ይገኛል። የበቀለ ገብስ፣ ብቅሉ፣ ስታርችን የሚቆርጥ ኤንዛይም አለው። ከወፍራም ገንፎ ላይ አንድ ቁንጥር የብቅል ዱቄት ቢጨመር ገንፎው ውኃ ሳይነካው ይቀጥናል፤ ከዚያ መልሶ ማፍላት ነው። ሕፃኑ በትንሽ ሆዱ ብዙ ምግብ ይወስዳል። ብቅል ለጠላ ብቻ የሚታወቅበት ቤት ይህን ካላስተማሩት አያስበውም።

ነፍሰ ጡር ተልባ፣ ማር ወይም ወተት እንዳትወስድ፣ ልጁ ላይ ይለጠፋል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ ተመዝግቧል። ምክንያት የለውም፤ እምነቱ ያለባትን ሴት ደግሞ በጣም በሚያስፈልጋት ጊዜ ያስርባታል። በአዩርቬዳም ዓሣን ከወተት ጋር መብላት የሚከለክል ሕግ አለ፤ እሱም በጥናት አልተደገፈም።

መማሩና ጥንቃቄው

ባልትና የሚተላለፈው ልጅቷ ከእናቷ ጎን ቆማ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ቀለሙን፣ ገብሱ ሲታመስ ድምፁን፣ ቅቤው ሲነጠር ሽታውን በመለየት ነበር። ይህ ሰንሰለት ዛሬ ላላ ብሏል። ብዙ የደቡብ ወሎ ወጣት ሴቶች ሙያውን ሳይጨርሱ ወደ አረብ አገር ሄደዋል። የወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ መቆም እንደ ነውር መቆጠሩም ከቤተሰቡ ግማሹን ከዕውቀቱ ያገለለ ነው፤ ብቻውን ተከራይቶ የሚማር ተማሪ ቆሎና ዳቦ ላይ ወድቆ የሚታየው ለዚህ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከከፈተ ወዲህ እንዲህ ያሉ ወጣቶች በከተማዋ በዝተዋል። በ2022 የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያወጣው የምግብ መመሪያ ከእህል በተጨማሪ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና የእንስሳት ተዋፅኦ በየቀኑ እንዲበላ ይመክራል፤ ይህን በደጋ ዋጋ ማሟላት የሚችለው ግን ጥራጥሬውን ማጣፈጥ የሚያውቅ ሰው ነው።

ጨውም የመማሩ አካል ነው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 ደንብ ወጥቷል፤ እንቅርት በደጋ ብዙ ነበርና። አዮዲን በሙቀትና በፀሐይ ይተናል። ጨው ተከድኖ ከጭስ ርቆ ተቀምጦ ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ጥቅሙ አይጠፋም። ከፈላ ጀምሮ የተጨመረ ጨው አዮዲኑን በከፊል ሊያጣ ይችላል።

ምግብ የሆነው ሁሉ መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒት የሆነውም ሁሉ ምግብ አይደለም። ጤና አዳም ቡና ውስጥ አንድ ቅንጣት ሲገባ ደግ ነው፤ በብዛት ለነፍሰ ጡር ጎጂ ነው። ኮሶ፣ በደንቆሮ ጫካ የሚበቅለው፣ ለኮሶ ትል ለዘመናት ተጠጥቷል፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል፣ ፅንስ ያስወርዳል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል አለ። ከዚያም በፊት ሥጋው 60 ዲግሪ አልፎ ከበሰለ ትሉ ራሱ አይደርስም። ለስኳር ሕመም ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አብሽ በየቀኑ ሲጀምር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል፤ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በቦስተን ተደርጎ በ2004 በታተመ ጥናት ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቶባቸዋል። ያ የምግቡ ጉዳይ ሳይሆን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ክኒንና ዱቄት ጉዳይ ነው። ተፈጭቶ የሚሸጥ በርበሬና እርድ፣ እንዲሁም ቅቤ በሌላ ነገር ሊደባለቅ እንደሚችል ገበያው የሚያውቀው ነው፤ ዛላውን በርበሬ መርጦ፣ ሻጋታ ያለበትን ለይቶ፣ አጥቦ አድርቆ ራሱ የሚያስፈጭ ቤት ቢያንስ የሚበላውን ያውቃል።